ከሽሮ ሜዳ ወደ ፊልም አልባሳት፣ ከየት ልጀምር?

የሸማኔ ልጅ
ሰላም ናችሁ? ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ እሸጣለሁ፣ ስፌትም እችላለሁ። ልቤ ያለው ግን ፊልም ላይ ነው። ድራማ ሳይ ታሪኩን ትቼ ልብሱን ነው የማየው፤ በቀደም አንዷ የቤት ሠራተኛ ሆና የምትተውን ልጅ አሁን ከላስቲክ የወጣ ሻሽ አስራ፣ እጥፋቱ እንኳን ሳይለቅ ሽንኩርት ስትከትፍ አይቼ ብቻዬን ሳቅሁ። እናቴ “ይሄ ደግሞ ሥራ ነው?” ትላለች። ነው እንዴ? ከየት ይጀመራል?

ሰልባጅ ተራ
ሥራ ነው እህቴ፣ ያውም የሚያንከራትት። እኔ ተከታታይ ድራማ ላይ አልባሳት እሠራለሁ። ስፌቱን ለጊዜው ተይው። ስክሪፕቱ ሲሰጥሽ ቁጭ ብለሽ ትዕይንት በትዕይንት ትለያለሽ፤ ይሄ ስንተኛው ቀን ነው፣ ጠዋት ነው ማታ፣ ሰውየው ደሞዝ በበላ ማግስት ነው ወይስ ከሥራ ከተባረረ በኋላ። ገበያ የሚወጣው ከዚያ ነው። ቀረጻ ደግሞ በታሪኩ ቅደም ተከተል አይሄድም፣ በር ሲያንኳኳ ዛሬ ይቀረጻል፣ ገብቶ ሲቀመጥ ከሦስት ሳምንት በኋላ። ስለዚህ ፎቶ አንሺ። አንዴ ረስቼ ተዋናዩ እጅጌውን ሰብስቦ ከውጭ ገባ፣ ሳሎን ሲደርስ እስከ አንጓው ተቆልፎ ተገኘ። ዳይሬክተሩ ያለኝ እዚህ አይጻፍም።

ነጭም ተጠንቀቂ። አንቺ የምትሸጪው ነጠላ ካሜራ ላይ ያንጸባርቅና የሰውየውን ፊት ያጠፋዋል። እኛ ቀጠን ያለ ሻይ ውስጥ ነክረን እናወጣዋለን። ለዓይን ያው ነጭ ነው፣ ካሜራው ግን ይረጋጋል። ደቃቅ መስመር ያለው ሸሚዝም ስክሪን ላይ ይንቀጠቀጣል። ደም የሚፈስበት ትዕይንት ካለ ያው ሸሚዝ ሦስት አራት ያስፈልጋል፣ ሰልባጅ ውስጥ እስቲ አንድ ዓይነት ሸሚዝ አራት ፈልጊ!

ቀብድ ይቅደም
ክፍያውንስ ለምን አትነግራትም? ትንሽ በጀት ያለው ፊልም ላይ አልባሳት የሚባል ክፍል የለም፣ ተዋናዩ ሦስት ቅያሪ ከቤቱ ይዞ ይምጣ ነው። እኔ አንዱ ላይ ሠርቼ ግማሹን ክፍያ እስካሁን እየጠበቅሁ ነው፣ የተዋስኩትን ኮት ላውንደሪ ራሱ ከኪሴ ነው የከፈልኩት። ውል ሳትፈርሚ አንድ ቁልፍ እንዳትተክዪ።

ከአትላንታ
እኔ የቲያትር ቤት ልብስ ክፍል ነው የምሠራው። አሜሪካዊቷን የፊልም አልባሳት ዲዛይነር ሩት ካርተርን ታውቂያታለሽ? ኮሌጅ እያለች ሐሳቧ ትወና ነበር፤ አንድ ቲያትር ላይ ሚና ስታጣ አልባሳቱን ሥሪ አሏት፣ በዚያው ቀረች። ፊልም የጀመረችው በዳይሬክተሩ በስፓይክ ሊ ሥራ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የወጣ። ኦስካር የወሰደችው ግን በ2019 ነው፣ ብላክ ፓንተር በሚባለው ፊልም። ቁጠሪው፣ ሠላሳ ዓመት አልፎታል! በ2023 ደገመችው። ብላክ ፓንተር ላይ ያለችው ንግሥት ዘውድ መነሻው ያገቡ የዙሉ ሴቶች ባርኔጣ ነው፣ የተሠራው ግን በስሪዲ ፕሪንተር። አንዱ ሽማግሌ ከንፈሩ ላይ ያለውን ሸክላ ካየሽ ደግሞ እኛ ከሱርማና ከሙርሲ ሴቶች የምናውቀው ነው። ሴቶች ነው ያልኩት። ፊልሙ ላይ ወንድ ነው ያደረገው፣ ካርተርን ባደንቃትም ይሄ እስካሁን አልተዋጠልኝም።

ለማንኛውም አንቺም ከቲያትር ጀምሪ። ብሔራዊም ሆነ ሀገር ፍቅር ሄደሽ የልብስ ክፍሉን ጠይቂ፣ በነፃም ቢሆን ልብስ ተኩሺ። ተዋናይ በአንድ ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ማልበስ እዚያ ነው የሚለመደው።

የሸማኔ ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሰኞ እሄዳለሁ። ሰልባጅ ተራ፣ ነጠላው ሻዩ ውስጥ ስንት ደቂቃ ነው የሚቆየው?

ሰልባጅ ተራ
በዓይንሽ ነው፣ ከአምስት አይለፍ። መጀመሪያ በቁራጭ ሞክሪ፣ ሲደርቅ ይፈዛል። ስኳር እንዳትጨምሪ ብቻ፣ እኔ ለሠራተኞች የተፈላውን ተጠቅሜ ጉንዳን ስለቅም አድሬያለሁ።