ኑግ ሰቅዬ ወፍ የለም! (ሲልቨር ስፕሪንግ)

የጓሮ ጀማሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ሜሪላንድ ነው። ከቤታችን ጀርባ መሀረብ የምታክል ጓሮ አለችን። እናቴ ሰኔ ላይ ከአገር ቤት መጥታ ልጆቼን ትይዝልኛለች፣ ሲተኙላት ሥራዋ በመስኮት ወፍ ማየት ነው። ሰመር ላይ አንዲት ቢጫ ወፍ ትመጣ ነበር። ቢጫ ስላችሁ የአደይ አበባ ቢጫ፣ ክንፏ ጥቁር፣ ግንባሯ ላይ ጥቁር ቆብ ነገር የደፋች። እማዬ «የመስቀል ወፍ እዚህም አለች እንዴ?» ብላ ስም አወጣችላት። ከጥቅምት ወዲህ ግን የለችም፣ እማዬም አንድ ዘመድ የሄደባት ይመስል በየቀኑ ትጠይቀኛለች።

እስቲ ላምጣልሽ ብዬ የወፍ መኖ ልገዛ ሄድኩ። «ለቢጫዎቹ ይሄ ነው» ያሉኝን ከረጢት ይዤ ገባሁ። እማዬ እጇን ከታ ዘገነችና «ልጄ፣ ይሄ እኮ ኑግ ነው!» አለች። እውነትም ኑግ! እሷ በጾም ወጥ የምትሠራበትን እኔ ለወፍ ከፈልኩበት። የሆነው ሆኖ ሰቀልኩት። ሦስት ሳምንት አለፈው፣ ወፍ የለም (በሁለቱም ትርጉሙ)።

ቢጫዋ የት ገባች? ኑጉን ለምን እምቢ አሉ? ደግሞ ሰኔ ላይ ከመኪናዬ ስፖኪዮ ጋር ሲደባደብ የከረመው ጉትዬው ቀይ ወፍስ ምን ሆኖ ነው?

ጭልፊት፦
እህቴ፣ ወፏ የትም አልሄደችም። ጎልድፊንች ትባላለች፣ ያየሽው ደግሞ ወንዱን ነው። በዓመት ሁለቴ ላባ ይቀይራሉ። የዚህ አገር ብርድ ሲቃረብ ያ ቢጫ ይረግፍና ወንዱም እንደ ሴቷ የደረቀ ሣር ዓይነት ቀለም ይሆናል። አሁን ጓሮሽ ውስጥ «ይቺ ደግሞ ምኗ ይታያል» ብለሽ የምታልፊያትን ትንሽ ወፍ ልብ ብለሽ እይ። ክንፏ ጥቁር ሆኖ ነጣ ያለ መስመር ካለበት እሷው ናት። ሚያዝያ ላይ እየተዥጎረጎረች ስትመጣ ታያለሽ፣ ግማሹ ቢጫ ግማሹ አሮጌ፣ የተላጠ ግድግዳ ነው የምትመስለው።

ቀዩ ካርዲናል ነው። ስፖኪዮው ውስጥ ራሱን አይቶ «ማን ነው ሰፈሬ የገባው» ብሎ ነው የሚደባደበው። የመራቢያ ጊዜያቸው ላይ ይብስባቸዋል። ስፖኪዮውን በካልሲ ሸፍኚው፣ ይተዋል። ሴቷ ቡናማ ናት፣ ግን ጉትዬዋና ቀይ ምንቃሯ ያስታውቃል። ካርዲናል በብርዱም ጊዜ አይሰደድም፣ ማለዳና አመሻሽ ላይ ጠብቂው። ለእሱ ደግሞ ሱፍ ስጪ። አዎ፣ ያንኑ በጾም ፍትፍት የምንሠራበትን ሱፍ! እዚህ የወፍ መኖ ተብሎ ይሸጣል። ጥሩነቱ ዛፍ ላይ የሚሮጡት ሽኮኮዎች ብዙም አይወዱትም (ሽኮኮ ያልናቸው እኛ ነን እንጂ የአገር ቤቱ ሽኮኮ ሌላ እንስሳ ነው፣ ይሁን)።

ኑግ ልጥልጥ፦
እናትሽ ልክ ናቸው፣ ኑግ ነው። ዘሩ መነሻው የኛው ደጋ ነው፣ ከኢትዮጵያም ከህንድም ይመጣል። እዚህ «ናይጀር» ይሉታል። ብትዘሪው ግን ብዙውን ጊዜ አይበቅልም፣ ምክንያቱም አሜሪካ ሲገባ አብሮት የአረም ዘር እንዳይገባ በሙቀት ይታከማል። እኔ ለልጥልጥ ሞክሬው ነበር፣ ለሰው ምግብ ተብሎ የተዘጋጀ ስላልሆነ ተይው፣ ጣዕሙም አንገት ያስደፋል።

አለመብላታቸው ግን ሁለት ነገር ነው የሚሆነው። አንደኛ፣ ምን ላይ ነው የሰቀልሽው? ቀዳዳው ሰፊ ከሆነ ይፈስሳል። ለኑግ ቀዳዳው ስንጥቅ የሚያህል ቱቦ ወይም የመረብ ከረጢት አለ። ሁለተኛ፣ ኑጉ አርጅቶ ይሆናል። ዘይቱ ሲደርቅ ጎልድፊንች ቀምሳ ትሄዳለች። ጥቂት ፍሬ ነጭ ወረቀት ላይ በጥፍርሽ ደፍጥጪ። ወረቀቱ ላይ የቅባት ነጠብጣብ ካልቀረ ጣይው።

እማማ ዋኖስ፦
ልጄ፣ እናትሽ የተረፈ እንጀራ ይጥሉ ይሆን? የእኔዋ ትጥል ነበር፣ ለዚያ ነው የምጠይቅሽ። ወፎቹ ይበሉታል፣ ግን ሆዳቸውን ከመሙላት በቀር ብዙም አይጠቅማቸውም። ማታ ደግሞ አይጥ ይጠራል። እኛ ሰፈር ጎረቤት ከስሶን መመገቢያውን እስከማውረድ ደርሰናል። መሬት መጣል ከፈለጉ ጥቂት ማሽላ ይበትኑ፣ ዋኖስ የመሰለችዋ አመዳም ወፍ ከመሬት ለቅማ ነው የምትበላው።

ሌላው ንጽህና ነው። በሁለት ሳምንት አንዴ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጠሽ እጠቢው፣ በደንብ አለቅልቀሽ ሳይደርቅ አትሙዪው። ቀልድ እንዳይመስልሽ። የፊንቾቹ የዓይን በሽታ መጀመሪያ የታየው እዚሁ ዋሽንግተን አካባቢ ነው፣ 1994። በ2021ም ሰመር ላይ ወፎች ዓይናቸው አብጦ እየሞቱ መመገቢያ አውርዱ ተብለን ነበር። ዓይኑ ያበጠ ወፍ ካየሽ ዛሬውኑ አውርጂው።

ሱሉልታ፦
ከአገር ቤት ነው። የመስቀል ወፍ የምንላቸውም እኮ እንዲሁ ናቸው! ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሜዳው ላይ ጥቁርና ቢጫ ሆነው የሚዘሉት ወንዶቹ ናቸው። ወቅቱ ሲያልፍ ቡናማ ይሆኑና ከድንቢጥ አይለዩም። እኛ «በዓመት አንዴ ብቅ ትላለች» እያልን እናማለን፣ እሷ ግን ዓመቱን ሙሉ አጥራችን ላይ ናት። እናትሽ ስሙን ያወጡት አለነገር አይደለም።

የጓሮ ጀማሪ፦
ኧረ አመሰግናለሁ! ወረቀቱን ሞከርኩት፣ ምንም ቅባት የለውም። እማዬ ሳትደፈጥጠው አሽትታ ብቻ «የከረመ ነው፣ ስትገዢ መች አሸተትሽው» ብላ ገሰጸችኝ። ትናንት አዲስ ኑግና የመረብ ከረጢት ገዛን። እሷ ራሷ ካልዘገንኩ ብላ ሱቁ ውስጥ አሳፈረችኝ።

ዛሬ ጠዋት ሁለት አመዳም ወፎች መጥተው ተዘቅዝቀው ሲለቅሙ ነበር። ክንፋቸው ጥቁር፣ መስመር ያለው። እማዬ ግን አላመነችም። «እስከ ሚያዝያ እቆያለሁ፣ አየዋለሁ» ትላለች። ቲኬቷ የጥር ነው።