ለቱርቦ ቤንዚን ሞተር ሲንተቲክ ዘይት ሲገዛ የትኛውን ጽሑፍ ማመን ይሻላል?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። 140,000 ኪሎ ሜትር የተጓዘች፣ ነዳጅ በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጭና ቱርቦ ያለው የቤንዚን ሞተር የተገጠመላት መኪና በቅርቡ ገዝቻለሁ። መመሪያ መጽሐፏ 5ደብሊው-30 የሆነና «ኤሲኢኤ ሲ3» የተባለውን የአውሮፓ መኪና አምራቾች ማኅበር ደረጃ የሚያሟላ ሲንተቲክ ዘይት እንድጠቀም ያዛል፤ የቀድሞው ባለቤት ግን ለዓመታት ተራውን የማዕድን ዘይት ሲያስሞሉ እንደቆዩ ነግረውኛል። ዘይት ለመግዛት በሄድኩበት ሁሉ ፊታቸው ላይ በትልቁ «ሙሉ ሲንተቲክ» ተብሎ የተጻፈባቸው፣ ዋጋቸው ግን እጅግ የሚራራቅ ጀሪካኖች ይቀርቡልኛል፤ ሻጮቹም ሲንተቲክ እስከሆነ ድረስ ልዩነት የለውም ይላሉ። አንድ መካኒክ ደግሞ ሞተሩ ብዙ ስለሠራ ወፈር ያለ 10ደብሊው-40 እንዳስሞላ መክሮኛል፤ ወደ ሲንተቲክ ከዞርኩም ሞተሩ ዘይት ማንጠባጠብ እንደሚጀምር አስጠንቅቆኛል። ማንን ልስማ? «ሙሉ ሲንተቲክ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ዋስትና ይሆናልን?

1ኛ መልስ

አይሆንም። ጽሑፉ ዘይቱ በምን ዓይነት መነሻ እንደተሠራ በጥቅሉ ይጠቁማል እንጂ ለእርስዎ ሞተር ይስማማ እንደሆነ አይናገርም። የሞተር ዘይት መሠረታዊ ዘይትና የኬሚካል ጭማሪዎች ተቀላቅለው የሚዘጋጅ ነው። የአሜሪካ ፔትሮሊየም ተቋም፣ በምህጻሩ ኤፒአይ፣ መሠረታዊ ዘይቶችን በ5 ምድብ ይከፍላቸዋል፤ ምድብ 3 ከድፍድፍ ነዳጅ ተገኝቶ በሃይድሮጂን በጥብቅ የተጣራው ሲሆን፣ ምድብ 4 ፖሊአልፋኦሌፊን የሚባለውና ከትናንሽ ሞለኪውሎች በፋብሪካ የሚገነባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ሞቢል እና ካስትሮል በዚሁ ጉዳይ የማስታወቂያ ክርክር ገጥመው፣ ምድብ 3ም ሲንተቲክ ተብሎ ሊተዋወቅ እንደሚችል ተወስኗል። ስለዚህ ሁለት ጀሪካኖች አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይዘው በውስጣቸው የተለያየ ነገር ሊኖር ይችላል። ይህን የምለው ምድብ 3ን ለማናናቅ አይደለም፤ ጭማሪዎቹ በሚገባ የተመረጡለት የምድብ 3 ዘይት፣ ጭማሪው ደካማ ከሆነ የምድብ 4 ዘይት ሊበልጥ ይችላል።

እኔ ዘይት ስገዛ የጀሪካኑን ፊት ትቼ ጀርባውን ነው የማነበው። በ5ደብሊው-30 ላይ ከደብሊው በፊት ያለው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ ሞተር ሲነሣ እንዴት እንደሚፈስ ያሳያል፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን በብርድ የተሻለ ይፈሳል። ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለውን ውፍረት የሚመለከት ሲሆን፣ ለ30 ከ9.3 እስከ 12.5፣ ለ40 ደግሞ ከ12.5 እስከ 16.3 ካሬ ሚሊ ሜትር በሰከንድ ነው። ሆኖም ብዙ ገዢ የሚስተው ነገር ሁለት 5ደብሊው-30 ዘይቶች እንኳ አንድ አለመሆናቸው ነው። ዘይት በ150 ዲግሪ ሙቀትና በከፍተኛ ፍትጊያ ውስጥ ሆኖ ውፍረቱ ሲለካ፣ ተራው 5ደብሊው-30 ቢያንስ 2.9 ሚሊፓስካል ሰከንድ ካገኘ ይበቃዋል፤ ሲ3 የሚል ደረጃ የያዘው ግን ከ3.5 መውረድ አይፈቀድለትም። በኩሽኔታና በዘንግ መካከል ዘይቱ በስሱ የሚዘረጋው በዚህ ሁኔታ ውስጥ ስለሆነ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ከዚህም በላይ ሲ3 ዘይቱ ሲቃጠል የሚተወው አመድ ከ0.8 በመቶ እንዳይበልጥ ያስገድዳል፤ ይህም የጭስ ማጣሪያው ቶሎ እንዳይደፈን ይጠቅማል። መመሪያ መጽሐፉ «5ደብሊው-30» ብሎ ብቻ ያልተወው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። አንዳንድ አምራቾች የራሳቸው ፈቃድ አላቸው፤ ለምሳሌ ቮልስዋገን 504 00 የሚል፣ መርሴዲስ ደግሞ 229.5 የሚል ቁጥር ይሰጣሉ። በጀሪካኑ ላይ ቁጥሩ «ፈቃድ አግኝቷል» ከሚል ቃል ጋር ከተጻፈ የመኪናው አምራች ዘይቱን ተቀብሎታል ማለት ነው። «ለዚህ ደረጃ ይመከራል» ወይም «ተስማሚ ነው» የሚል ከሆነ ግን የሚናገረው ዘይት ሻጩ ብቻ ነው። መመሪያዎ እንዲህ ያለ ቁጥር ከጠቀሰ ከሲ3 አስቀድመው እሱን ይፈልጉ።

2ኛ መልስ

ሥራዬ የመኪና ጥገና ነውና ያ መካኒክ ስለ መንጠባጠብ ያለውን ሙሉ በሙሉ ከንቱ ማለት አልፈልግም። ቀደም ባለው ዘመን የነበሩ አንዳንድ ሲንተቲክ ዘይቶች የላስቲክ ማሸጊያዎችን ያኮማትሩ ስለነበር ወሬው ከዚያ የመጣ ነው፤ የዛሬዎቹ ግን ማሸጊያውን እንዳይጎዱ ተፈትነው የሚወጡ ናቸው። ማሸጊያው ቀድሞውኑ ደርቆ ከተሰነጠቀና ክፍተቱን የዘጋው ለዓመታት የተጋገረ ቆሻሻ ከሆነ፣ አዲሱ ዘይት ቆሻሻውን ሲያጥበው ፍሳሹ ይገለጣል። በዚህ ጊዜ የሚቀየረው ማሸጊያው ነው፤ ዘይቱን ወደ ኋላ መመለስ መፍትሔ አይሆንም። ማዕድንና ሲንተቲክ ዘይት እርስ በርስ ስለሚዋሐዱም በሞተሩ ውስጥ የቀረው ጥቂት አሮጌ ዘይት አያሳስብዎ።

ለዓመታት ተራ ዘይት ሲሞላ የቆየ የቱርቦ ሞተር በውስጡ ዝቃጭ ሊኖረው ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያውን የሲንተቲክ ዘይት እስከ ሙሉ ጊዜው አያቆዩት፤ በግማሽ ጊዜው ያፍስሱትና ፊልትሮውንም አብረው ይቀይሩ። ዝቃጩን በአንድ ቀን ጠርጎ ያወጣል እየተባለ የሚሸጠውን ጠንካራ ማጠቢያ አልወደውም፤ የተፈነቀለው ቆሻሻ የዘይት ፓምፑን መሳቢያ ወንፊት ሲደፍነው አይቻለሁ። በተረፈ ሞተሩ ዘይት የሚበላ ከሆነ ወደ 40 ከፍ ማለት ጥቅም አለው የሚለው ሐሳብ እኔም ጋ ያስኬዳል።

3ኛ መልስ

በመጨረሻው ነጥብ ላይ ከወንድሜ ጋር በአክብሮት እለያለሁ። ሞተሩ ዘይት ይብላ አይብላ ጠያቂያችን ገና አልነገሩንም፤ ኪሎ ሜትሩ ስለበዛ ብቻ ዘይት ማወፈር ደግሞ በሽታው ሳይታወቅ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው። በእርግጥ የሚበላ ከሆነ መጀመሪያ የሚፈተሸው የክራንክ ክፍሉን ትንፋሽ የሚያወጣው ባልቦላ፣ ቀጥሎም የቱርቦው ማሸጊያና የፒስተን ቀለበቶች ናቸው። ባልቦላው ከተደፈነ ወፍራም ዘይት ምንም አይፈይድም። እንዲያውም ሲ3 የሆነ 5ደብሊው-30 እና 5ደብሊው-40 ሁለቱም በ150 ዲግሪው መለኪያ ከ3.5 በላይ መሆን ስላለባቸው፣ በኩሽኔታው ላይ የሚሰጡት ጥበቃ በጀሪካኑ ላይ ያሉት ቁጥሮች የሚያስመስሉትን ያህል አይራራቅም። መመሪያው 5ደብሊው-40ንም በአማራጭነት ከጠቀሰ መጠቀም ይቻላል፤ 10ደብሊው-40 ግን በብርድ ሲነሣ የሚዘገይ በመሆኑ፣ ዘይት ቶሎ ሊደርሰው ለሚገባ ቱርቦ አልመርጠውም።

ሌላው ያልተነሣ ጉዳይ የኤፒአይ ደረጃ ነው። እንደ እርስዎ ባሉ ቱርቦ ያላቸውና ነዳጅ በቀጥታ በሚረጩ ሞተሮች ውስጥ፣ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ከባድ ጭነት ሲሸከም ነዳጁ የካንዴላው ብልጭታ ሳይደርስ በራሱ የሚቀጣጠልበት አጋጣሚ አለ፤ ሲበረታም ፒስተን እስከ መስበር ይደርሳል። የዘይቱ ጭማሪዎች በዚህ ላይ ድርሻ አላቸው፤ የካልሲየም አጣቢ ሲበዛ ችግሩን ያባብሰዋል፤ አንዳንድ አምራቾች ከፊሉን በማግኒዥየም የሚተኩት ለዚህ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2020 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው «ኤፒአይ ኤስፒ» ዘይቱ ይህን እንዲከላከልና የታይሚንግ ሰንሰለቱን ከመበላት እንዲጠብቅ በፈተና ያስገድዳል። ሲ3 እና ኤስፒን በአንድነት የያዙ ዘይቶች ስላሉ፣ ሁለቱም የተጻፉበትን ቢፈልጉ የተሻለ ይሆናል።

ጠያቂው

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መመሪያውን ደግሜ ሳየው 5ደብሊው-40ንም በሁለተኛ ደረጃ ይጠቅሳል፤ ሞተሩም እስካሁን ዘይት ሲቀንስ አላየሁም፤ ስለዚህ በ5ደብሊው-30 እጸናለሁ። ሁለት ነገሮች ይቀሩኛል። መመሪያው በ15,000 ኪሎ ሜትር ወይም በ1 ዓመት እንድቀይር ይላል፤ ሲንተቲክ ስለሆነ ይህን ያህል ማቆየቱ ያስተማምናልን? እንዲሁም ጀሪካኑ ሐሰተኛ አለመሆኑን በምን ላውቅ እችላለሁ?

1ኛው መላሽ

15,000ው ረጅም መንገድ በተረጋጋ ፍጥነት ለሚነዳ መኪና ይሠራል። መኪናዎ አጫጭር ጉዞ የምታበዛ ከሆነ ግን ሞተሩ በደንብ ሳይሞቅ ስለሚጠፋ፣ ያልተቃጠለ ቤንዚንና የውኃ እርጥበት ከዘይቱ ጋር እየተቀላቀሉ ያቀጥኑታል፤ ነዳጅ በቀጥታ በሚረጩ ሞተሮች ደግሞ ይህ ይብሳል። ሲንተቲክ መሆኑ ሙቀትን እንዲቋቋም ይረዳዋል እንጂ ቤንዚን እንዳይገባበት አያደርግም። እንዲህ ባለ አነዳድ እኔ ከ8,000 ኪሎ ሜትር አላሳልፍም። ኪሎ ሜትሩ ባይሞላም ዓመቱ ሲደርስ ይቀየራል።

ስለ ሐሰተኛው ጀሪካን፣ ክዳኑን የሚይዘው ቀለበት ያልተነካ መሆኑን፣ ከሥሩ ያለው የፎይል ሽፋን በእኩል መታሸጉን፣ በጀሪካኑ አካል ላይ የታተመው የምርት ቁጥርና ቀን በጣት ሲታሽ የማይለቅ መሆኑን ይመልከቱ። ብዙ አምራቾች አሁን ስካን የሚደረግ መለያ ስለሚያትሙ ከመክፈልዎ በፊት በስልክዎ ይሞክሩት። በቀለምና በሽታ መለየት እንደሚቻል የሚነግርዎትን አይመኑ፤ ቀለሙን የሚወስኑት ጭማሪዎቹ ስለሆኑ ከአንዱ አምራች ወደ ሌላው ይለያያል። ሲገዙም ሞተሩ ከሚይዘው 1 ሊትር አስበልጠው ከዚያው የምርት ቁጥር ይውሰዱና ለመጨመሪያ በመኪናው ውስጥ ያስቀምጡት።