ለአለትም ለዋሻም የሚሆን፣ ቶሎ የማይበላሽ ሄልሜት የቱ ነው? (ድሬዳዋ)

የከዚራዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ድሬዳዋ ያለን ስድስት ሰዎች ነን፤ አለት መውጣትም ዋሻ መግባትም እየለመድን ነው። አብዛኛውን ጊዜ የምንለማመደው ከተማው ዙሪያ ባለው የኖራ ድንጋይ ላይ ነው፤ አልፎ አልፎ ደግሞ በሐረር በኩል ባቢሌን አለፍ ብለን ዳካታ ሸለቆ ያለው ግራናይት ጋ እንሄዳለን። እስካሁን የምናደርገው የግንባታ ሠራተኞችን ቢጫ ሄልሜት ነው። ከመካከላችን አንዱ ደግሞ «የሞተር ሄልሜት ከሁሉም ይጠነክራል» ይላል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ስላለ ትክክለኛውን ለማስመጣት አስበናል፤ ግን ለአለት አንድ፣ ለዋሻ ሌላ የመግዛት አቅም የለንም። እየተቀባበልን ብንጠቀምበትም የሚበረክት የቱ ነው? ሲገዛስ ምኑ ይታያል?

ገመድና ቋጠሮ

የሞተሩን ነገር ቶሎ እንዝጋው። ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ጆሮ ይደፍናል፤ ከላይ ያለው ሰው «ድንጋይ!» ብሎ ሲጮህ በደንብ አይሰማም። ቀና ብሎ ለማየትም አይመችም። በድሬ ሙቀት አንድ ገደል ሳትጨርሱ ራሳችሁ ታወልቁታላችሁ።

ቢጫው ላይ ግን ጊዜ ልውሰድ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እሱ ላይ ነውና። የግንባታ ሄልሜት የሚሠራበት የአውሮፓ መስፈርት ኢኤን 397 ይባላል። በዚህ መስፈርት የአገጭ ማሰሪያው ከ150 እስከ 250 ኒውተን፣ ማለትም ከ15 እስከ 25 ኪሎ ገደማ ሲሳብ ራሱ እንዲለቅ ተደርጎ ነው የሚሠራው። ሠራተኛው ሄልሜቱ ብረት ላይ ቢያዝበት እንዳይታነቅ ነው። ገመድ ላይ ላለ ሰው ግን ይኸው ጥቅም ጉዳት ይሆናል። ወድቆ ሲወዛወዝ የመጀመሪያው ምት ማሰሪያውን ካስለቀቀው፣ ሁለተኛው የሚያርፈው ባዶ ጭንቅላት ላይ ነው።

የምትፈልጉት የተራራ መውጫ ሄልሜት መስፈርት የሆነውን፣ ኢኤን 12492 የሚለውን ነው። ማሰሪያው 500 ኒውተን፣ 50 ኪሎ ያህል መቻል አለበት። አናቱ ላይ 5 ኪሎ ክብደት ከ2 ሜትር ይለቀቅበታል፤ ወደ ጭንቅላት የሚያልፈው ኃይል ከ10 ኪሎኒውተን መብለጥ የለበትም። ከፊት፣ ከጎንና ከኋላም ይመታል፤ የቢጫው የምት ፈተና ግን አናት ላይ ነው የሚያተኩረው። ዩአይኤኤ የሚል የዓለም አቀፉ የተራራ ወጪዎች ፌዴሬሽን ምልክት ከተጨመረበት የኃይሉ ገደብ ወደ 8 ኪሎኒውተን ስለሚወርድ የበለጠ ጥሩ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ሄልሜቱ ውስጥ ታትመው መገኘት አለባቸው። ሳጥኑ ላይ ብቻ ከሆነ አትመኑት።

ጁገል ዳር

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። ስለ መበርከቱ ልጨምር።

ዋሻ ውስጥ ድንጋይ ከሚወርድባችሁ ይልቅ እናንተ ጣሪያውን የምትመቱት ይበዛል። በደረት በሚሳብበት ቦታ ጭንቅላት ቀና ባለ ቁጥር ሄልሜቱ ከኖራ ድንጋይ ጋር ይፋተጋል። ስለዚህ የሚበረክተው ትልቁን ምት ብቻ ሳይሆን ይህን የዕለት ተዕለት ፍትጊያ የሚችለው ነው። ኤቢኤስ ከሚባለው ጠንካራ ፕላስቲክ የተሠራ ወፍራም ቅርፊት ያለውን ምረጡ። ፔትዝል የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው ቦሬዮ ኤቢኤስ ሆኖ ውስጡ ሁለት ዓይነት ፎም አለው፤ ክብደቱ 300 ግራም አይሞላም። ብላክ ዳይመንድ የሚባለው ኩባንያ ሃፍ ዶምም እዚሁ ምድብ ውስጥ ነው፣ ትንሽ ይከብዳል። ዋሻ የሚያዘወትር ሰው ፔትዝል ቨርቴክስን ሊያስብ ይችላል። የሥራ ሄልሜት ነው፣ ወደ ግማሽ ኪሎ ይጠጋል፣ ግን በጣም ጠንካራ ነው። ማሰሪያው በሁለት መንገድ ስለሚስተካከል ወደ ኢኤን 12492 መዞሩን ሳታዩ ገመድ ላይ እንዳትወጡ።

እንደ ፔትዝል ሲሮኮ ያሉት 170 ግራም ገደማ የሚመዝኑ ሄልሜቶች ረጅም ገደል ለሚወጣ ሰው ግሩም ናቸው፤ ለናንተ ግን አይሆኑም። ፎሙ በአብዛኛው የተጋለጠ ስለሆነ ስለታም ድንጋይ ይቦጫጭቀዋል። ስስ ፕላስቲክ የለበሰው ነጭ ፎም ደግሞ ቴሌቪዥን ታሽጎ ከሚመጣበት ጋር አንድ ዓይነት ነው፤ አንዴ ከተጨመቀ አይመለስም። ሻንጣ ላይ ሰው ቢቀመጥበት ይሰነጠቃል። ስድስት ሰው በአንድ ባጃጅ ተጨናንቆ ሲሄድ ይህ የሚሆን ነገር ነው።

የአየር ቀዳዳው ብዛት አያታልላችሁ። ሰፊ ቀዳዳ ለድሬ ሙቀት ደስ ይላል፤ ዋሻ ውስጥ ግን ጭቃና ጠብታ ያስገባል፣ ሹል ድንጋይም ያልፍበታል። ትንንሽና በጎን በኩል ያሉት ይሻላሉ።

የከዚራዋ

እግዜር ይስጥልን። ሁለት ነገር ቀረኝ። ሦስታችን ሴቶች ነን፤ ሁለቱ ሻሽ ያስራሉ፣ እኔ ሹሩባ ነኝ። ሌላው፣ ገበያ ላይ አንድ ያገለገለ ሃፍ ዶም አይተናል። ውስጡ 2016 ይላል፣ ሻጩም «የሁለት ዓመት ዕቃ ነው» ብሎናል። ጭረት እንጂ ስንጥቅ የለውም። እንውሰደው?

ጁገል ዳር

አቦ፣ አትውሰዱት! ያ 2016 በፈረንጅ ነው። እኛ 2018 ላይ ሆነን ስናየው የሁለት ዓመት ይመስላል እንጂ አሥር ዓመት እየተጠጋው ነው። ለምሳሌ ፔትዝል ለፕላስቲክ ምርቶቹ የሚሰጠው የመጨረሻ ዕድሜ ከተመረተበት ቀን 10 ዓመት ነው፤ ያውም ምንም ሳይነካው። እዚህ አገር ሄልሜት ሲገዛ መጀመሪያ የሚጣራው ይኼ ነው።

ቀኑን ማንበብ ልመዱ። ብዙዎቹ ላይ የሳንቲም የሚያህል ክብ ማህተም ፕላስቲኩ ውስጥ ተቀርጿል። ዙሪያውን ከ1 እስከ 12 ቁጥር አለ፣ መሐሉ ላይ ቀስት አለ። ቀስቱ የሚያመለክተው ወሩን ነው፤ ከቀስቱ ግራና ቀኝ ተከፍለው የተጻፉት ሁለት አሃዞች ዓመቱ ናቸው። «1» እና «6» ካያችሁ 2016 እ.ኤ.አ. ማለት ነው።

ዕድሜው አዲስ ቢሆን እንኳ ያገለገለ ሄልሜት ምን እንደመታው አይታወቅም። ከውጭ ንጹሕ ሆኖ ፎሙ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። የራሳችሁንም በየጊዜው የምትፈትሹት እንዲህ ነው፦ የውስጡን ስፖንጅ ነቅላችሁ ፎሙን በባትሪ እያበራችሁ እዩ፤ ፀጉር የሚያህል መስመር ካለ በቃው። ቅርፊቱን በሁለት መዳፍ ከጎንና ከጎን ቀስ አድርጋችሁ ጫን በሉት፤ ከተንጫጫ ወይም የታጠፈው ቦታ ነጭ መስመር ከቀረበት አይታመንም። ሪቬቶቹ እንዳይላወሱ፣ ማሰሪያውም ጠርዙ እንዳይቦጫጨቅ። ከባድ ምት ያረፈበት ግን ምንም ባይታይበትም ይወገዳል፤ ለማንም አይሰጥም።

ለድሬዳዋ ደግሞ የአቀማመጡ ነገር ዋና ነው። መስኮቱ ተዘግቶ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ሙቀቱ ከ50 ዲግሪ ያልፋል። ዳሽቦርድ ላይ የተተወ ሄልሜት ሙጫው ይለቃል፣ ፎሙ ይዛባል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ከፍ አድርጋችሁም አትስቀሉት። ወለሉ አካባቢ፣ ጥላ ውስጥ፣ በጨርቅ ከረጢት ይቀመጥ። በቤንዚንና በቲነር አይጠረግም፣ ቀለም አይቀባም። የትንኝ መከላከያ ቅባት የነካ እጃችሁንም ታጠቡ፤ ዲት የሚባለው ንጥረ ነገር አንዳንድ ፕላስቲክ ያሟሟል።

ፋኖስ

ስለ ሻሹ እኔ ልመልስ። ስስ የጥጥ ሻሽ ምንም አይደለም፤ ቋጠሮው ከአናትና ከማጅራት ወርዶ ወደ አንገት ይሁን። የሚያንሸራትት ጨርቅ ግን ይቅር፤ ሄልሜቱ ወደ ኋላ እየሄደ ግንባር ይከፍታል። ሹሩባም ከሥር ተሰብስቦ ይታሰር፣ አናት ላይ አይጠቅለል። ልኩ የሚወሰደው ከቅንድብ በላይ በሜትር ዙሪያውን በመለካት ነው፤ እህቶቼ ሻሹን እንዳሰራችሁ ለኩ። ቦሬዮ ትንሹ ከ48 እስከ 58፣ ትልቁ ከ53 እስከ 61 ሳንቲሜትር ይይዛል። ለምትቀባበሉት ትልቁ ይበዛል፣ ግን አንድ ትንሽ አይጥፋ። ሲደረግ ከቅንድብ በላይ የጣት ወርድ ያህል ይቅር። ማሰሪያውን ሳትቆልፉ ጎንበስ ብላችሁ ራሳችሁን ነቅንቁ፤ ከወደቀ የኋላው ማጥበቂያ ገና ነው ወይም ልኩ አይደለም።

ባትሪ የሚያዝባቸው መንጠቆዎች ጠባብ ቦታ ላይ መጀመሪያ የሚሰበሩ ናቸው። አራቱም ጠንካራ መሆናቸውን ሳታዩ አትግዙ። ከተሰበሩ ባትሪውን በአየር ቀዳዳው በኩል በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩት፤ ቅርፊቱን በድሪል መብሳት ፈጽሞ አይቻልም፣ ስንጥቅ የሚጀምረው ከዚያ ቀዳዳ ነው። ዋሻ ለሚገባ ሰው ሦስት የብርሃን ምንጭ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛውም እዚያው ሄልሜቱ ላይ ቢሆን እጅ ነፃ ይሆናል።

ገመድና ቋጠሮ

አንዳንዱ የብርድ መከላከያውን ፎይል አጥፎ ሄልሜቱ ውስጥ እንዲይዝ ይመከራል።

ፋኖስ

እዚህ ላይ አልስማማም። ፎሙ ጭንቅላት ላይ በሚያርፍ ሄልሜት ቦታም የለው፣ ልኩን ያበላሻል። እንደ ቨርቴክስ ያለው ጭንቅላቱን በማሰሪያ መረብ ነው አንጠልጥሎ የሚይዘው፤ በመረቡና በቅርፊቱ መካከል ያለው ባዶ ቦታ ምቱ የሚያልቅበት ነው። ስልክም፣ ሻማም፣ ፎይልም አይግባበት። ፎይሉ ኪስ ይበቃዋል።

አንድ ነገር ደግሞ፤ የጥንት ሥዕል ያለባቸውን ፖርክ ኤፒክንም ሆነ ለገ ኦዳን ለመጎብኘት ስትሄዱ ሥዕሉ ያለበት ግድግዳ ጋ በጣም አትጠጉ። ሄልሜት ያደረገ ሰው ቁመቱ መጨመሩን ይረሳል፤ አንድ ቀና ማለት በሺህ ዓመት የቆየ ቀለም ይፍቃል። እነዚህ ቅርስ ናቸው፣ የመውጫ ቦታ አይደሉም።

የከዚራዋ

ገባኝ። ቢጫዎቹን ለግንበኛ እንሰጣለን፣ ያገለገለውንም ትተነዋል። ነገ የስድስታችንን ልክ ወስጄ አራት ትልቅና ሁለት ትንሽ ቦሬዮ ይሆን እንደሆነ እዚሁ እጽፋለሁ። ጭቃው ሲደርቅ መቆለፊያው አልከፈት ይላል፤ ምን እናድርገው?

ጁገል ዳር

ሳይደርቅ እጠቡት። ለብ ባለ ውሃና በገላ ሳሙና፣ መቆለፊያውን ውሃ ውስጥ እየከፈታችሁና እየዘጋችሁ። የደረቀ ከሆነ አንድ ሰዓት ዘፍዝፋችሁ በጥርስ ብሩሽ አውጡት፤ ዘይት አትጨምሩበት፣ አሸዋ ይሰበስባል። ጥላ ላይ ነፋስ ይምታው እንጂ ፀሐይ ላይ አይሰጣ።