ራስን ማወዛወዝና ደብተርን ማወዛወዝ ለዓይን ለምን አንድ አልሆኑም?

የጅሬኑ መምህር (ጠያቂ)

የተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች፣ ጅማ ከተማ ውስጥ በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ስለ ነርቭ ሥርዓት በምናጠናበት ክፍለ ጊዜ አንዲት ተማሪ ላነሣችው ጥያቄ የተሟላ መልስ ልሰጣት ስለፈለግሁ ወደ እናንተ አምጥቼዋለሁ። ተማሪዋ እንዲህ ትላለች፦ ደብተሯን ጠረጴዛ ላይ አቁማ ራሷን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ቶሎ ቶሎ ብታዞር የተጻፈውን ያለ ችግር ታነባለች፤ ራሷን አጽንታ ደብተሩን በዚያው ፍጥነት ብታወዛውዝ ግን ፊደላቱ ተደበላልቀው የማይነበቡ ይሆኑባታል። መላው ክፍል ወዲያው ሞከረው፤ ሁሉም ተመሳሳይ ውጤት አገኘ። እኔም ሞክሬ ልዩነቱን በግልጽ አይቻለሁ።

ግራ የሚያጋባው ነገር በሁለቱም ሁኔታ የደብተሩ ምስል ከዓይን አንጻር የሚንቀሳቀሰው በአንድ ዓይነት መንገድ መሆኑ ነው። መማሪያ መጻሕፍት ዓይንን እንደ ፎቶ ካሜራ አድርገው ያቀርቡታል፤ ብርሃን ይገባል፣ ሬቲና በሚባለው ከዓይን በስተኋላ ባለው ብርሃን ተቀባይ ሽፋን ላይ ያርፋል፣ በእይታ ነርቭ በኩል ወደ አንጎል የኋለኛ ክፍል ይደርሳል። እንቅስቃሴ ደግሞ ሌላ ምዕራፍ ነው። ሁለቱ ምዕራፎች የት ላይ እንደሚገናኙ የሚያስረዳን ካለ እኔም ተማሪዎቼም እናመሰግናለን።

ሄርማታ

መምህር፣ ምናልባት ጉዳዩ ከእጅ ጋር የተያያዘ ይሆን? ደብተሩን የምታወዛውዘው በእጇ ስለሆነ እጅ ደግሞ ስለሚንቀጠቀጥ ፊደሉ ከሚገባው በላይ የሚዘል ይመስለኛል።

ፊዚዮሎጂ አስተማሪ

ከላይ የተሰጠው ሐሳብ በቀላሉ ሊፈተን ይችላል። ደብተሩን ሌላ ተማሪ ይዞ ያወዛውዘው፤ ያን ጊዜ ማንበብ ይበልጥ ይከብዳል እንጂ አይቀልም። ዓይን በገዛ እጃችን የሚንቀሳቀስን ነገር ከሌላ ሰው እጅ ይልቅ አሻሽሎ ይከተላል፤ ምክንያቱም አንጎል እጁን ያዘዘው ራሱ ስለሆነ እንቅስቃሴው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ ያውቃል። ስለዚህ እጅ እዚህ ላይ እንቅፋት ሳይሆን ረዳት ነው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመጣ፣ መልሱ ያለው ዓይን ውስጥ ሳይሆን ጆሮ ውስጥ ነው። በውስጠኛው ጆሮ በእያንዳንዱ ጎን በፈሳሽ የተሞሉ ሦስት ግማሽ ክብ ቦዮች አሉ። ራስ ሲዞር ቦዮቹ አብረው ይዞራሉ፤ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ግን ለቅጽበት ወደ ኋላ ይቀራል። ይህም የስሜት ተቀባይ ሕዋሳትን ፀጉር መሰል ዘንጎች ያጎብጣል። መልእክቱ በስምንተኛው የራስ ቅል ነርቭ በኩል ወደ አንጎል ግንድ ይገባል፤ ከዚያም የዓይን ጡንቻዎችን ወደሚያዝዙት የነርቭ ሕዋሳት በቀጥታ ይተላለፋል። ከጆሮ እስከ ዓይን ጡንቻ ድረስ ያለው አጭሩ መንገድ ሦስት የነርቭ ሕዋሳት ብቻ የሚቀባበሉት ነው። ራስዎን ወደ ቀኝ ሲያዞሩ ትእዛዙ መሐል ላይ ተሻግሮ የግራ ዓይንን ውጫዊ ጡንቻና የቀኝ ዓይንን ውስጣዊ ጡንቻ ያሳጥራል፤ ሁለቱም ዓይኖች በእኩል ፍጥነት ወደ ግራ ይዞራሉ፤ ምስሉም ሬቲና ላይ ባለበት ይጸናል። ይህ ሪፍሌክስ፣ ማለትም ሳናስበው የሚፈጸም ምላሽ፣ የእይታን ፈቃድ አይጠብቅም፤ በጨለማ ውስጥም ይሠራል።

ደብተሩ ሲንቀሳቀስ ግን ጆሮ የሚያውቀው ነገር የለም። ዓይን ደብተሩን መከተል የሚችለው በመጀመሪያ ምስሉ ሬቲና ላይ መንሸራተቱ ከታየ በኋላ ነው። መልእክቱ ወደ ኋለኛው የአንጎል ቅርፊት ሄዶ፣ እንቅስቃሴን በሚለዩ ክፍሎች ተተንትኖ፣ በአንጎል ግንድና በትንሹ አንጎል በኩል ተመልሶ ወደ ጡንቻ መድረስ አለበት። ይህ ጉዞ 100 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል፤ የጆሮው መንገድ ግን ከ10 ሚሊሰከንድ የማይበልጥ ነው። ልዩነቱን በአሃዝ ለማየት፣ ራስ በሰከንድ 100 ዲግሪ ፍጥነት ይዞራል እንበል፤ ይህ በተለመደ ኑሮ ውስጥ የሚያጋጥም ፍጥነት ነው። ዓይን 100 ሚሊሰከንድ ቢዘገይ ምስሉ 10 ዲግሪ ይስታል ማለት ነው፤ ይኸውም ክንድን ዘርግቶ የተጨበጠ ቡጢ የሚሸፍነው ስፋት ነው። በ10 ሚሊሰከንድ ግን ስሕተቱ 1 ዲግሪ ብቻ ይሆናል። ጥቃቅን ፊደላትን አጥርቶ የሚያየው የሬቲና መካከለኛ ነጥብ የሚሸፍነው ክንድን ዘርግተን የአውራ ጣታችንን ጥፍር የሚያህል ቦታ ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ሁኔታ ፊደሉ ከዚያ ቦታ ፈጽሞ ይወጣል፤ በሁለተኛው ግን እዚያው አካባቢ ይቆያል።

ደብተሩ በዝግታ ቢወዛወዝ ተማሪዋ ታነበው ነበር። እንቅስቃሴው የማይገመት ሆኖ በሰከንድ ከአንድ ምልልስ በላይ ሲፈጥን ግን ዓይን ወደ ኋላ ይቀራል። በነገራችን ላይ ተራ እርምጃ እንኳ ራሳችንን በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ወደ ላይና ወደ ታች ያነሣና ይጥላል፤ በጅማ ከአጂፕ ሰፈር ወደ ፈረንጅ አራዳ እየተራመድን የሱቅ ማስታወቂያ ማንበብ የምንችለው ጆሯችን ሳናውቀው ዓይናችንን ስለሚያቃና ነው።

ዓይን እንቅስቃሴን የሚመዘግብ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን ራሱ የሚንቀሳቀስ አካል ነው። እያንዳንዱ ዓይን ስድስት ጡንቻዎች አሉት፤ ሦስት የራስ ቅል ነርቮች፣ ማለትም ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው፣ ያዝዟቸዋል። ስለዚህ መምህር የጠየቁት የሁለቱ ምዕራፎች መገናኛ ቀዳሚው ቦታ የአንጎል ግንድ ነው።

የጅማ አዲስ አበባ ሾፌር

እኔ የሕክምና ሰው አይደለሁም፤ በጅማና በአዲስ አበባ መካከል ለብዙ ዓመታት አሽከርክሬአለሁ። ጽሑፉን ሳነብ ዘወትር የማየው ነገር ትዝ ስላለኝ ጥያቄ ልጨምር። ወደ ጊቤ በረሃ የሚወርደውን ጠመዝማዛ መንገድ ስንጀምር ስልክ እያዩ የሚሄዱት ተሳፋሪዎች ቀድመው ያጥወለውላቸዋል፤ ረዳቱ ፌስታል ማደል የሚጀምረውም ከእነሱ ነው። እኔ መሪ ይዤ ሳለሁ አንድም ቀን አሞኝ አያውቅም፤ ተሳፋሪ ሆኜ ከኋላ ስቀመጥ ግን ያንኑ መንገድ አልችለውም። ጆሮዬ ያው ጆሮ፣ መንገዱም ያው መንገድ ሆኖ ሳለ ልዩነቱ ከየት ይመጣል?

ፊዚዮሎጂ አስተማሪ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከተማሪዋ ጥያቄ ጋር አንድ ሥር አለው። አንጎል ለጡንቻ ትእዛዝ ሲልክ የትእዛዙን ግልባጭ ለራሱ ያስቀራል፤ በግልባጩም አማካይነት ከዚያ እንቅስቃሴ የተነሣ ምን እንደሚሰማውና ምን እንደሚያይ አስቀድሞ ይተነብያል። መሪውን ወደ ግራ ስታዞር አንጎልህ የመኪናውን መታጠፍ ይጠብቀዋል፤ ከጆሮ የሚመጣው መልእክት ከተጠበቀው ጋር ይገጥማል። ዓይንህም ሩቅ መንገዱ ላይ ስለሆነ ተመሳሳይ ምስክርነት ይሰጣል። ተሳፋሪው ግን ምንም አላዘዘም፤ ዓይኑም ስልኩ ላይ ተተክሎ ምንም ነገር እንዳልተንቀሳቀሰ ይናገራል፤ ጆሮው ደግሞ መታጠፊያውን አንድ በአንድ ይቆጥራል። ይህ አለመጣጣም የማጥወልወሉ ምንጭ እንደሆነ በሰፊው ተቀባይነት አለው። ቦዮቹ የሚገኙበትን የሁለቱንም ጆሮዎች የሚዛን አካል ፈጽሞ ያጡ ሰዎች መኪና አያስመልሳቸውም፤ ይህም ጆሮ በጉዳዩ ውስጥ ያለውን ድርሻ በደንብ ያሳያል።

ስልክ የሚያነብ ተሳፋሪ ሌላም ሥራ አለበት። ስልኩ ከራሱ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ ዓይኑን ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ የሚጎትተውን ያንኑ ሪፍሌክስ አንጎሉ ያለማቋረጥ ማፈን ይኖርበታል። መስኮት ላይ ሆኖ አድማሱን ማየት የሚያቀልለው ስለዚህ ነው።

የግልባጩን ነገር መምህር ክፍል ውስጥ ሊያሳዩት ይችላሉ። ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የጻፈበት ቀላል ሙከራ አለ፦ አንድ ዓይንን ሸፍኖ የሌላውን ዓይን የውጭ ጥግ በዓይን ቆብ ላይ በጣት ቀስ አድርጎ ቢገፉት ዓለሙ ሁሉ ሲንቀሳቀስ ይታያል። በፈቃድ ዓይንን ሲያዞሩ ግን ምስሉ ሬቲና ላይ ከዚያ እጅግ በሚበልጥ ስፋት ቢንሸራተትም ዓለሙ ባለበት የጸና ሆኖ ይታያል። ጣት የሚሰጠው ግፊት ለዓይን ጡንቻ የተላከ ትእዛዝ ስላልሆነ ግልባጭ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1950 ኤሪክ ፎን ሆልስት ከሆርስት ሚተልሽቴት ጋር፣ ሮጀር ስፔሪ ደግሞ ለብቻው፣ ይህን ሐሳብ በእንስሳት ላይ በተደረጉ ሙከራዎች አጠናክረው አቅርበዋል። ከዚህም ጋር ተማሪዎች መስተዋት ፊት ቆመው አንዴ ግራ ዓይናቸውን አንዴ ቀኝ ዓይናቸውን ይመልከቱ፤ ዓይናቸው ሲዞር ፈጽሞ አያዩትም፤ አጠገባቸው የቆመ ጓደኛ ግን ያየዋል። በስልክ የፊት ካሜራ ሲሞክሩት ምስሉ ጥቂት ስለሚዘገይ የገዛ ዓይናቸውን እንቅስቃሴ ሊይዙት ይችላሉ።

የነርቭ ፊዚዮቴራፒስት

የሚዛኑ አካል ሲጠፋ እይታ ምን እንደሚሆን የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ ስላለ ልጨምረው። በጉልበት መገጣጠሚያ ቲቢ ምክንያት ስትሬፕቶማይሲን የተወጋ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም መድኃኒቱ የሁለቱንም ጆሮዎች የሚዛን ሕዋሳት አጠፋበት፤ የደረሰበትንም እ.ኤ.አ. በ1952 በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ ጽፎ አሳተመ። አልጋ ላይ ተቀምጦ ሲያነብ የልብ ምቱ ራሱን በጥቂቱ ስለሚነቀንቀው ፊደላቱ ይዘልሉበት ስለነበር፣ ራሱን በአልጋው ራስጌ ሁለት ብረቶች መካከል አስደግፎ ነበር የሚያነበው። የዓይኑ ብርሃን ጤነኛ ነበር፤ የጎደለው ከጆሮ ወደ ዓይን የሚሄደው ትእዛዝ ብቻ ነው። እኔ በበኩሌ ለጀማሪ ባለሙያዎች ስለ እይታ ሳስረዳ ከየትኛውም ሥዕል ይልቅ ይህን ታሪክ አስቀድማለሁ።

ጉዳዩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ስትሬፕቶማይሲንም ሆነ ጄንታማይሲን በአገራችን ሲሰጡ የኖሩ መድኃኒቶች ናቸው። እነዚህን መርፌዎች የሚወስድ ሰው ሲራመድ መንገዱና ሕንፃው የሚዘልበት፣ በጨለማ ሚዛኑን የሚስት ወይም ጆሮው የሚጮኽበት ከሆነ መርፌውን በራሱ ፈቃድ ሳያቋርጥ ሳይዘገይ ለሐኪሙ መናገር አለበት። መነጽር ሲለዋውጡ ቆይተው ወደ እኛ የሚመጡ ሕሙማን አሉ፤ ቆመው ሰሌዳ ሲያነቡ እይታቸው ደኅና ስለሆነ የሚሰማቸው የለም፤ ችግሩ የሚገለጠው ሲንቀሳቀሱ ነው።

በጆሮና በዓይን መካከል ያለውን ይህን ግንኙነት ለምርመራ ያበቃው የቪየናው ሐኪም ሮበርት ባራኒ ነው። የሕሙማንን ጆሮ በቀዝቃዛ ውሃ ሲያጥብ እንደሚያዞራቸውና ዓይናቸው ወደ አንድ ወገን እንደሚርገበገብ፣ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ አቅጣጫው እንደሚገለበጥ አስተዋለ። ሙቀቱ በቦዩ ውስጥ ያለውን ፈሳሽ እንዲፈስ ስለሚያደርገው፣ ራስ ሳይዞር አንጎል የዞረ ይመስለዋል። ለሥራው እ.ኤ.አ. የ1914 የኖቤል ሽልማት ተሰጠው፤ ዜናው ሲደርሰው ግን በሩሲያ የጦር ምርኮኛ ነበር። የጆሮ ውሃው ምርመራ ዛሬም ይሠራበታል። ይህን ግን ተማሪዎች በጭራሽ እንዳይሞክሩት።

መነጽር ቤት

በሥራዬ መነጽር እገጥማለሁና አንድ ነገር ልበል። ለቅርብ አይቶች የሚሰጠው ባለ ማይነስ መነጽር ዓለሙን በጥቂቱ ያሳንሳል፤ ስለዚህ ራስ ሲዞር ምስሉ የሚንሸራተተው ከወትሮው ባነሰ መጠን ነው። ዓይን ግን በቀድሞው ልክ መልሶ ስለሚዞር ከሚገባው በላይ ይሄዳል፤ ደንበኛውም «ወለሉ ይንሳፈፍብኛል» ይላል። ባለ ፕላስ መነጽር ላይ ነገሩ ይገለበጣል። ብዙ ሰው በቀናት ውስጥ የሚለምደው፣ ሴሬቤለም የሚባለው ትንሹ አንጎል የምስሉን መንሸራተት እንደ ስሕተት ቆጥሮ የሪፍሌክሱን መጠን ስለሚያስተካክለው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ትክክል መሆኑ ከተረጋገጠ መነጽሩን እያወለቁ ከማረፍ ይልቅ አድርጎ መንቀሳቀሱ ይሻላል፤ ሳይንቀሳቀሱ ትንሹ አንጎል የሚታረምበት ስሕተት አያገኝም።

የጅሬኑ መምህር (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሄልምሆልትዝንና የመስተዋቱን ሙከራ አሠራቸዋለሁ። የአንድን ተማሪ ሪፍሌክስ ያለ መሣሪያ በቁጥር መለካት የምንችልበት መንገድ ይኖር ይሆን?

የነርቭ ፊዚዮቴራፒስት

አለ መምህር። የዓይን መመርመሪያ የፊደል ሰሌዳ ግድግዳ ላይ ይስቀሉ፤ ተማሪው በመጀመሪያ ራሱን አጽንቶ እስከ የትኛው መስመር ድረስ እንደሚያነብ ይመዝግቡ። ከዚያም ራሱን በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ወደ ግራና ወደ ቀኝ በትንሽ ስፋት እያዞረ እንደገና ያንብብ፤ ፍጥነቱን እኩል ለማድረግ በስልክ የሚገኝ የሙዚቃ ምት ቆጣሪ ይበቃል። ጤነኛ ሰው አንድ ወይም ሁለት መስመር ቢያጣ ነው፤ ሦስትና ከዚያ በላይ የሚያጣ ካለ ሐኪም እንዲያየው ይምከሩት። የአንገት ሕመም ያለበት ተማሪ ግን ራሱን አያዙር፤ እሱ መዝጋቢ ይሁን።