ሁለት ሰዓት የኖረ ሕፃን ይቆጠራል ወይስ አይቆጠርም?

የታቦር ልጅ፦ እኛ ሐዋሳዎች ስለ ሕፃናት ሞት ስናወራ ሆስፒታሎቻችንን መውቀስ ይቀናናል። ቀድሞ ቤት ይሞት የነበረው ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ዛሬ ሆስፒታል ደርሶ ይሞታል፤ ሪፖርቱም የጨቅላ ሕፃናት ክፍሉን ያስወቅሳል። ከ28 የእርግዝና ሳምንት በፊት የተወለዱት ከሕፃናት ሞት ስሌቱ ይውጡ እላለሁ። አሜሪካ በ2010 እ.ኤ.አ. ከ1000 ሕፃናት 6.1 ዓመት ሳይሞላው ይሞትባት ነበር፤ ከ24 ሳምንት በታች የተወለዱት ሲወጡ 4.2 ሆነ።

አዋላጇ፦ ወንድሜ፣ ግማሹን ነው የነገርከን። በዚያው ስሌት ፊንላንድ ከ2.3 ወደ 2.1 ወረደች። አሜሪካ ሰበቧ ተቀንሶላትም እጥፍ ነች። ደግሞም በዓለም ጤና ድርጅት ትርጉም የተነፈሰ፣ ልቡ የመታ ወይም እትብቱ የተርገበገበ ሁሉ በሕይወት ተወልዷል፤ ሳምንቱ አይጠየቅም። ለአገሮች ንጽጽር የሚያገለግለው 28 ሳምንት ሞተው ለሚወለዱት ነው። ሁለቱን አትደባልቅ።

ሐይቅ ዳር፦ እህቴ በ26ኛው ሳምንት ወለደች። ሕፃኑ ሁለት ሰዓት ያህል ተነፈሰ፤ እናቴ ስም ሁሉ አውጥታለት ነበር። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን «ውርጃ» ነው። ማውጣት ካላችሁ እርሱ ወጥቷል።

የቁጥር ሰው፦ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ1000 ሕፃናት 48ቱ ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ 29ኙ በመጀመሪያው ወር። ይህ ከሆስፒታል መዝገብ የተለቀመ አይደለም፤ እናቶች ቤታቸው ተጠይቀው የተናገሩት ነው። «ወረደብኝ» ያለች እናት ልጅ ቢተነፍስም አይቆጠርም። ስለዚህ እነዚህ ሕፃናት ቁጥራችንን አላሳበጡትም፤ ይልቁንም ጎድለውበታል።
ከ28 ሳምንት በታች የሚወለዱት ከጠቅላላው ወሊድ ከመቶ አንድ አይሞሉም። በሀብታም አገር ድርሻቸው የሚገዝፈው ሌላው ሕፃን መሞት ስላቆመ ነው። እኛ ዘንድ ግን በምጥ ታፍኖ፣ በኢንፌክሽን የሚሞተው በወራቱ የተወለደው ጭምር ነው። እርሱን በምን ሰበብ ልናወጣው ነው?

የታቦር ልጅ፦ እሺ፣ ማውጣቱን ትቼዋለሁ። ሞቱ በእርግዝናው ሳምንት ተለይቶ ይጻፍ።

አዋላጇ፦ የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን የማታስታውስ፣ አልትራሳውንድ ያላየች እናት ስትመጣ ሳምንቱን ከየት አምጥቼ ልጻፍ? ሚዛን ግን አለኝ። የተነፈሰ ሁሉ ይመዘን፤ ከ1000 ግራም በታች የሆነውም፣ ማለትም 28 ሳምንት ያልሞላው ግድም፣ ከነክብደቱ ይመዝገብ።

ሐይቅ ዳር፦ ሲስተር፣ አሁን ወረቀቱን አውጥቼ አየሁት። «ክብደት» የሚለው ቦታ ባዶ ነው።