የ.38 ስፔሻል ጥይት በ.357 ማግነም ጠመንጃ ይሠራል?

ጥያቄ፦ የአውሮራው

ሰላም ወገኖች። ኮሎራዶ ነው የምኖረው። አንድ የቆየች .38 ስፔሻል ሪቮልቨር አለችኝ፣ ስድስት ጎራሽ። አሁን ደግሞ የሥራ ባልደረባዬ በሊቨር (ከቃታው ሥር ባለው በእጅ በሚሳብ ዘንግ) የሚያጎርስ ጠመንጃ ሊሸጥልኝ ነው፤ ማርሊን 1894 ነው፣ አፈሙዙ ላይ .357 ማግነም የሚል ተጽፎበታል። ሰውየው «ያንተን .38 ጥይትም ይተኩሳል፣ ሁለቱ አንድ ናቸው» ይለኛል። አንድ ከሆኑ ለምን ሁለት ዓይነት ሆነው ይሸጣሉ? ጥይት እንደምታውቁት ተወዷል፣ አንድ ዓይነት ገዝቼ ለሁለቱም ብጠቀም ደስታዬ ነው። ደግሞስ .357ቱን በሪቮልቨሬ መተኮስ እችላለሁ? ዒላማ ለመምታት ብቻ ነው፣ አደን ገና አላሰብኩም።

መልስ፦ ዳላስ 38

ወንድሜ፣ .38 በ.357 መሣሪያ ይቻላል። .357 በ.38 መሣሪያ በፍጹም አይቻልም። ከዚህ በታች ያለውን ባታነብ እንኳ ይህቺን ያዝ።

የሁለቱም እርሳስ ውፍረት አንድ ነው፣ ወደ 9 ሚሊሜትር ገደማ። ልዩነቱ ቀለሁ ላይ ነው። የ.38ቱ ቀለህ 29.3 ሚሊሜትር ሲሆን የ.357ቱ 32.8 ነው። .357 የወጣው በ1930ዎቹ አጋማሽ ከ.38ቱ ተወስዶ ነው፤ ቀለሁን ያስረዘሙትም አውቀው ነው፣ የድሮው ሪቮልቨር ውስጥ እንዳይገባ ብለው። ምክንያቱም የ.38ቱ የግፊት ጣሪያ 17,000 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ) ነው፣ የ.357ቱ 35,000። እጥፍ በለው። አንዳንድ በጣም ያረጁ .38 ሪቮልቨሮች ግን ሲሊንደራቸው (ጥይቶቹ የሚገቡበት ተሽከርካሪ ክፍል) ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል ስለተበሳ .357 ይገባባቸዋል። ገባ ማለት ተተኮሰ ማለት አይደለም፣ ሲሊንደሩ እጅህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል።

መሃል ላይ ደግሞ «.38 ስፔሻል ፕላስ ፒ» የሚባል አለ፣ እስከ 20,000 ይደርሳል። ለ.357ቱ ምንም አይደለም። ላንተ አሮጌ ሪቮልቨር ግን የአምራቹ መመሪያ ካልፈቀደ አትሞክረው።

መልስ፦ ሊቨር ወዳድ

ዳላስ ያለው ትክክል ነው፣ ግን ጠመንጃው ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ሪቮልቨር ላይ ጥይቱን በጣትህ ነው የምታስገባው፣ ቢያጥርም ቢረዝምም ግድ የለውም። በሊቨር የሚሠራው ግን ጥይቱን ከአፈሙዙ ሥር ካለው ቱቦ ስቦ፣ አንስቶ፣ ራሱ ነው የሚያጎርሰው። ስለዚህ ወሳኙ የቀለሁ ርዝመት ብቻ አይደለም፣ እርሳሱን ጨምሮ ጠቅላላ ርዝመቱ ነው። ለ.357 ጣሪያው 1.59 ኢንች፣ ለ.38 ደግሞ 1.55 ነው፤ ወደዚያ የሚጠጋ .38 ካገኘህ አብዛኛውን ጊዜ ያለችግር ይሄድልሃል። የሚያስቸግረው አጭሩ ነው። በተለይ ዋድካተር የሚባለው፣ እርሳሱ ከቀለሁ አፍ እኩል የተቆረጠው፣ ለሪቮልቨር ዒላማ ግሩም ነው፣ ሊቨር ላይ ግን ይሰነቀራል።

እኔ የምመርጠው እርሳሱ 158 ግሬን (የክብደት መለኪያ) የሚመዝን፣ ጫፉ ጠፍጣፋ የሆነውን ነው። ጠፍጣፋ ያልኩት ለማጎረሱ ብቻ አይደለም፤ ቱቦው ውስጥ ጥይቶቹ በሰልፍ ስለሚተኙ የኋለኛው ጫፍ የፊተኛውን ካፕሱል፣ ማለትም ሲመታ ጥይቱን የሚያስነሳውን፣ ነው የሚነካው። ሹል እርሳስ እዚያ አይገባም።

ሊቨሩን ስትስብ ደግሞ አትፍራው። እስከ መጨረሻው ሳብና በኃይል መልሰው። ግማሽ ላይ የሚያመነታ ሰው ነው «ጠመንጃው ያጣብቃል» እያለ የሚያማርረው። እና ካርቶን ሙሉ ከመግዛትህ በፊት ትንሽ ትንሽ ከተለያየ ዓይነት ሞክር፣ እያንዳንዱ ጠመንጃ የራሱ አመል አለው።

መልስ፦ የሲያትል እህት

ሦስት ነገር ልጨምር። .38 ደጋግመህ ስትተኩስ፣ አጭሩ ቀለህ ካለቀበት ቦታ ጀምሮ ቻምበሩ (ጥይቱ ሲተኮስ የሚቀመጥበት) ውስጥ የጥቀርሻ ቀለበት ይሠራል። ከዚያ .357 ስታስገባ ይከብዳል፣ ወይም ቀለሁ አልወጣም ይላል። ማጽጃ ፈሳሽ ቀባ አድርገህ በነሐስ ብሩሽ መፈተግ ነው። በየጊዜው ካጸዳህ ችግር የለም።

ሁለተኛ፣ ዒላማህ ይለዋወጣል። 158 ግሬን .357 ከአራት ኢንች ሪቮልቨር በሰከንድ ወደ 1,200 ጫማ ይወጣል፣ ከጠመንጃው ረጅም አፈሙዝ ግን ከ1,700 ያልፋል። .38ቱ ከዚያው ጠመንጃ ከድምፅ ፍጥነት በታች ነው የሚሄደው፤ ለዚህም ነው ጸጥ ያለና ትከሻ የማይመታ፣ ለጀማሪ የሚጣፍጥ። ግን አንዱን ለክተህበት ሌላውን ብትተኩስ ከፍና ዝቅ ይልብሃል።

ሦስተኛ፣ በጣም ቀላል የሆነ .38 ረጅም አፈሙዝ ውስጥ እርሳሱ ሊቀር ይችላል። «ጧ» በማለት ፋንታ «ፑፍ» ካለብህ ቁም። ጥይቱን አውጥተህ አፈሙዙን ሳታይ ሁለተኛ እንዳትተኩስ።

የአውሮራው

እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅ፣ አጎቴ የሰጠኝ አሮጌ ካርቶን አለ፣ «.38 ኤስ ኤንድ ደብሊው» ይላል። ያው ነው አይደል?

መልስ፦ ጋሼ ምንሽር

አይደለም ልጄ! ያ ሌላ ጥይት ነው። ቀለሁ አጭርና ወፈር ያለ፣ እርሳሱም ከ.38 ስፔሻል የሚሰፋ። ሪቮልቨርህም ጠመንጃውም ለእሱ አልተሠሩም። አያቶቻችን የውጅግራን ጥይት ለአልቢን አያጎርሱም ነበር፣ አንተም ከቀለሁ ግርጌ የተጻፈውን ሙሉውን አንብብ። «ስፔሻል» የሚል ከሌለ ተወው።

ሌላው፣ ከባልደረባህ ጋር እጅ በእጅ እንዳትቀባበሉ። ኮሎራዶ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ የግለሰብ ሽያጭም ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል፣ የኋላ ታሪክህ ተጣርቶ ነው። ግሪን ካርድ ካለህ መግዛት ትችላለህ። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ላለ ሰው ግን በፌዴራል ሕግ በጥቅሉ ክልክል ነው፣ ይሄንን የሚያነብ ሌላም ወገን ስላለ ነው የምናገረው።

የአውሮራው

ግሪን ካርድ አለኝ ጋሼ። ቅዳሜ ነጋዴው ጋ አብረን እንሄዳለን። የአጎቴን ካርቶን እዚያው ይዤው ሄጄ ምን እንደማደርገው እጠይቃለሁ፣ ጠፍጣፋውን 158ም ካላቸው ትንሽ እገዛለሁ።