የዕቅድ ውይይት፦ የማስጠንቀቂያ ፍላጎች በጋራ ማመልከቻችን አንቀጽ 2

ጸሐፊዋ፣ ሰኞ
ማመልከቻው ዓርብ ይገባል። ገንዘቡን የምንጠይቀው ለሦስት መሞከሪያ ማሽኖች ነው፦ አንድ አርም ፕሮሰሰር ያለው፣ አንድ ባለ 32 ቢት፣ አንድ ዊንዶውስ። ባለፈው ዙር የወደቅንበትን ጥያቄ አልደግመውም፤ ያፈርነው ይበቃናል። አንቀጽ 2 ላይ የሶፍትዌራችን የግንባታ ስክሪፕት የትኞቹን የኮምፓይለር (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚለውጠው መሣሪያ) ማስጠንቀቂያዎች በፍላግ፣ ማለትም በትእዛዝ ቅጥያ፣ እንደሚያበራ መጻፍ አለበት። ሐሳባችሁን እስከ ረቡዕ።

የስክሪፕቱ ጠባቂ፣ ሰኞ
ለጂሲሲና ለክላንግ ኮምፓይለሮች ደብልዩ ኦል እና ደብልዩ ኤክስትራ የሚባሉት ፍላጎች። ለማይክሮሶፍቱ ኮምፓይለር ደረጃ 4። ደብልዩ ኦል በስሙ «ሁሉም» ይበል እንጂ ጂሲሲ ላይ ሁሉንም አያበራም፤ በማይክሮሶፍቱ ላይ ግን ያው ስም የምሩን ሁሉንም ያበራል። ስለዚህ አንዱን ዝርዝር ለሦስቱም መገልበጥ አይቻልም። ማስጠንቀቂያን ወደ ስህተት የሚለውጠው ደብልዩ ኤረር በእኛ መሞከሪያ ማሽኖች ላይ ብቻ ይብራ፤ ለተጠቃሚ በሚወጣው ጥቅል ውስጥ አይግባ።

ፈታኙ፣ ሰኞ
ደብልዩ ኤረር ከሌለ ማስጠንቀቂያ ጌጥ ነው። ባለፈው ግንባታ ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች በማስጠንቀቂያ ተሞልቶ ነበር፤ ሁላችሁም አይታችሁ አለፋችሁ።

የስክሪፕቱ ጠባቂ፣ ሰኞ
አዲስ የጂሲሲ ዕትም አዲስ ማስጠንቀቂያ ይዞ ይመጣል። ሰውየው ከሦስት ዓመት በኋላ ጥቅላችንን አውርዶ ሲገነባ፣ ኮዱ ምንም ሳይሆን ግንባታው ይቆምበታል። ያኔ የሚሰደበው እኔ ነኝ። ደግሞ ደብልዩ ኤረርን ከኮንፊገር (ማሽኑ ምን እንዳለው በሙከራ ኮድ ከሚፈትሸው ስክሪፕት) በፊት ሲፍላግስ (የኮምፓይለር ፍላጎች የሚጻፉበት ተለዋዋጭ) ውስጥ ብትከቱት ኮንፊገር ራሱ ይሳሳታል። አነስተኛ የሙከራ ኮዶቹ በተፈጥሯቸው ማስጠንቀቂያ ያስነሳሉ፤ ማስጠንቀቂያው ስህተት ሲሆንበት «ይህ ፈንክሽን እዚህ ማሽን ላይ የለም» ብሎ ይመዘግባል። ያለውን የለም ይላል ማለት ነው። ሲፍላግስ ደግሞ የተጠቃሚው ነው፤ እጃችንን ከዚያ እናንሳ።

ባለ አርሙ፣ ሰኞ ማታ
ስለ ፍላግ ከመጨቃጨቅ በፊት ማሽኑን አስቡ። ፋይል አንባቢያችን ያነበበውን በቻር (አንድ ባይት በሚይዝ) ተለዋዋጭ ይይዝና ከኢኦኤፍ፣ ከፋይል መጨረሻ ምልክቱ፣ ጋር ያነጻጽረዋል። ኢኦኤፍ አብዛኛውን ጊዜ -1 ነው። በኢንቴል ማሽን ላይ ቻር አሉታዊ ቁጥር ስለሚይዝ ነገሩ የሚሠራ ይመስላል። አርም ሊኑክስ ላይ ቻር አሉታዊ አይይዝም፤ -1 ሲገባበት 255 ይሆናል፣ ንጽጽሩ ፈጽሞ አይገጥምም፣ ፕሮግራሙ የፋይሉን መጨረሻ አልፎ ሲዞር ያድራል። ደብልዩ ኤክስትራ ይህን ይናገራል፤ ግን የሚናገረው አርም ላይ ሲገነባ ነው። የኢንቴል ማሽን ላይ ሺህ የማስጠንቀቂያ ፍላግ ብትደረድሩ አታዩትም። የእኔ ቦርድ እስከ ረቡዕ ሙሉውን ግንባታ በሁለቱ ፍላጎች ያስኬዳል፤ ውጤቱን አመጣለሁ።

ጸሐፊዋ፣ ማክሰኞ
ይህ ለማመልከቻው ወርቅ ነው። ውጤቱን እየጠበቅሁ ነው።

አዲስ ገቢ፣ ማክሰኞ
ኮምፓይለሩ ፍላጉን ያውቀው እንደሆነ የሚፈትሸውን ክፍል እኔ እጽፋለሁ።

ነባሩ፣ ማክሰኞ
ደብልዩ ኤክስትራን እቃወማለሁ። ከ7ኛው የጂሲሲ ዕትም (እ.ኤ.አ. 2017) ወዲህ፣ አንድ ኬስ (የምርጫ ቅርንጫፍ) ብሬክ፣ ማለትም «እዚህ አቁም»፣ ሳይል ወደሚቀጥለው ኬስ ሲወርድ ይከሳል። የእኔ ፓርሰር (ጽሑፉን የሚተነትነው ክፍል) ውስጥ 31 ቦታ እንዲህ ይወርዳል፤ በእያንዳንዱ ላይ «ሆን ተብሎ ነው፤ ወደ ታች ይውረድ» ብዬ ማስታወሻ ጽፌአለሁ። ኮምፓይለሩ አያነበውም። የእንግሊዝኛውን ግን ያነባል! እኔ ለማሽን ብዬ ቋንቋዬን አልለውጥም።

ፈታኙ፣ ማክሰኞ
31 መስመር መለወጥ የ10 ደቂቃ ሥራ ነው።

ነባሩ፣ ማክሰኞ
ያ ፓርሰር ሲጻፍ አንተ ገና ኪቦርድ ላይ ፊደል ትፈልግ ነበር። ደቂቃውን አትቁጠርልኝ።

ፈታኙ፣ ማክሰኞ
ዕድሜ ከሆነ መመዘኛው፣ ፓርሰሩም አርጅቷል።

የስክሪፕቱ ጠባቂ፣ ማክሰኞ
ጋሼ፣ መውጫ አለ። የዚያ ማስጠንቀቂያ ደረጃ ኤክስትራ ሲያበራው 3 ነው፤ በ3 የተወሰኑ የእንግሊዝኛ አባባሎችን ብቻ ይቀበላል። ደረጃውን ወደ 1 ካወረድነው ማንኛውንም ማስታወሻ፣ በየትኛውም ቋንቋ ይቀበላል። የእርስዎ 31 ቦታ አይነካም።

አዲስ ገቢ፣ ማክሰኞ
ክላንግስ? ክላንግ ኤክስትራ ውስጥ አያስገባውም፤ ለብቻው ካበራነው ደግሞ ማስታወሻ የሚባል ነገር አያነብም፣ የእንግሊዝኛውንም። ለየኮምፓይለሩ የሚለወጥ ማክሮ፣ ማለትም ሲገነባ በሌላ ኮድ የሚተካ ስም፣ ያስፈልገናል።

ነባሩ፣ ረቡዕ
ማክሮ ከሆነ እሺ። ስሙ «ውረድ» ይሁን፤ በራሳችን ፊደል።

ፈታኙ፣ ረቡዕ
ጂሲሲ እንዲህ ያለ ፊደል በስም ውስጥ በቀጥታ የተቀበለው በ10ኛው ዕትም፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ከዚያ በፊት ያሉትን እንጣላቸው? የምንጽፈው በየትኛውም ማሽን የሚገነባ ሶፍትዌር ነው ወይስ ማስታወቂያ?

ነባሩ፣ ረቡዕ
ማስታወቂያ ያልከውን አንሣ።

የስክሪፕቱ ጠባቂ፣ ረቡዕ
ዊንዶውስ ላይም ፋይሉ በዩቲኤፍ 8 የፊደል ኮድ የተጻፈ መሆኑን ለይተን ካልነገርነው ኮምፓይለሩ ፊደሉን በሌላ ሠንጠረዥ ያነበዋል። ጋሼ፣ ስሙ በላቲን ይጻፍ፣ ከጎኑ የእርስዎ ማስታወሻ እንዳለ ይቆይ።

ገንዘብ ያዥ፣ ረቡዕ
ሁለት ቀን ሙሉ ስለ አንድ ቃል። የማሽኖቹን ወጪ ማን ያሰላል? ባለ አርሙ፣ ውጤቱ የታለ?

አዲስ ገቢ፣ ረቡዕ ማታ
መፈተሻውን ጻፍኩ። ክላንግ ላይ ሁሉም ፍላግ ይታወቃል ይላል። ጠርጥሬ «ደብልዩ ጉንዳን» የሚባል ፍላግ ፈጥሬ ሰጠሁት፤ እሱንም አውቀዋለሁ አለ።

የስክሪፕቱ ጠባቂ፣ ረቡዕ ማታ
ክላንግ የማያውቀውን የማስጠንቀቂያ ፍላግ ሲያገኝ ያስጠነቅቃል እንጂ ግንባታውን አያቆምም፤ መፈተሻህ ደግሞ የሚያየው መቆሙን ብቻ ነው። በፍተሻው ጊዜ ብቻ ደብልዩ ኤረርን ጨምርበት፣ ከዚያ አውጣው። ጂሲሲም የራሱ ተንኮል አለው፦ «አጥፋ» የሚለውን የማያውቀውን ፍላግ ዝም ብሎ ይውጣል፣ ሌላ ማስጠንቀቂያ ካልተነሣ በቀር። ስለዚህ ሁልጊዜ «አብራ» የሚለውን መልክ ፈትሽ።

ፈታኙ፣ ሐሙስ
ትናንት ያልኩትን አንሥቻለሁ። ፓርሰሩን ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ ከ31ዱ አንዱ ሆን ተብሎ አይደለም። ማስታወሻ የሌለበት አንድ ኬስ አለ፣ የጥቅስ ምልክት ሲዘጋ ወደ ቀጣዩ ይወርዳል።

ነባሩ፣ ሐሙስ
አይቼዋለሁ። ብሬክ ረስቻለሁ። 30 ናቸው። እንግዲያው ሁሉም ማስታወሻዎች በወጉ ይጻፉ፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ፣ ጥቂቱ በምን እንደሆነ አይታወቅም። መመሪያ ያስፈልገናል።

ጸሐፊዋ፣ ሐሙስ
ይህን ሐሳብ ወድጄዋለሁ። ረቂቅ 4 ውስጥ አስገባዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፣ ዓርብ
ረቂቅ 5ን አሁን ከፈትኩት። ማሽኖቹ ሁለት ናቸው። አርሙ የት ሄደ?

ጸሐፊዋ፣ ዓርብ
ውጤት ስላልመጣ አወጣሁት። ሦስት ጊዜ ጽፌለታለሁ፣ አልመለሰም። በቦታው «የኮድ ማስታወሻዎች ቋንቋ መመሪያ ዝግጅት» ገብቷል። አንቀጽ 2 ላይ ደብልዩ ኦል አለ፤ ኤክስትራ «በውይይት ላይ» ተብሏል። ልኬዋለሁ።

የስክሪፕቱ ጠባቂ፣ ዓርብ
ኤክስትራ በውይይት ላይ? ጋሼ ራሳቸው ተስማምተው!

አዲስ ገቢ፣ ዓርብ
መፈተሻው አሁን ጉንዳንን አይቀበልም። የት ላስገባው?

ነባሩ፣ ዓርብ
መመሪያውን የሚጽፈው ማን ነው? እኔ ሐሳቡን ነው ያመጣሁት።